ዕቃ ቤት

ሳልዋ ሰፈር፣ ከባለ ሦስት ፎቁ ቤት፣
መኝታዬ ከምድር ነው፣ ከሩዝ ጆንያ ጎረቤት።
ዘይት በካርቶን፣ ቲማቲም በቆርቆሮ፣
ከራስጌዬ ተደርድሮ።
በሩ ላይ በዐረብኛ «መኽዘን» ይላል ጽሑፉ፤
እኔም አለሁ ከሰልፉ።

ላፕቶፑን ትልቁ ልጅ ሲሰለቸው በሃያ ዲናር ሸጠልኝ፤
ማዳም ከደሞዜ ላይ በሦስት ወር ቆረጠችልኝ።
ርካሽ ነው፤ ስልሳ አራት ጊጋ ብቻ ነው ሆዱ፤
ግማሹን ዊንዶውስ ይዞታል፣ እንደ ባለ ርስት ከነዘመዱ።

በቀረው ግማሽ ሠላሳ አራት ሴቶች አሉ።
የእቁባችን መዝገብ፣ የከፈሉ፣ ያዘለሉ፤
የጦይባ የሥራ ውል፣ ማኅተሙ የደበዘዘ፤
የእቴነሽ ክንድ ፎቶ፣ የፈላ ዘይት የያዘ፤
እና ፓስፖርት፣ ፓስፖርት፣ ፓስፖርት፤
ዋናው በየአሠሪው ካዝና የተቆለፈበት፣
ጥላው እኔ ዘንድ ያለበት።

ዓርብ ዕለት ሎሚ መጣች፣ አገሩን ከረገጠች ወር ያልሞላት፤
ፓስፖርቷን ሳይነጥቋት፣ ኤርፖርት ሽንት ቤት ገብታ በስልኳ አንስታዋለች።
«እቱ፣ አስቀምጪልኝ» አለች።
ማሽኑ መለሰላት፦ «በቂ ቦታ የለም»።
ይህን ቃል በሌላ አፍ ሰምታዋለች፤ አልገረማትም።
እኔ ግን አፈርኩ።

ሐወሊ ወረድኩ፣ ኢብን ኸልዱን ጎዳና፤ ሙቀቱ አርባ ዘጠኝ።
ሹኩር የሚባል የኬረላ ሰው ገልብጦ አየና ነገረኝ፦
«ውስጡ ትርፍ ማስገቢያ አለው፣ ፋብሪካው ባዶ የተወው።»
ማስቲካ የምታህል ዲስክ አወጣ።
አሥራ አንድ ዲናር ለዕቃው፣ ሦስት ዲናር ለእጁ።
«ዕቃውን ብቻ ስጠኝ» አልኩት፤ «እጅ አለኝ።»
ሳቀ። ካቻቢቴ አዋሰኝ እስከ ሌላው ዓርብ።
«ባትሪውን ንቀይ፤ ከሁሉ በፊት ብረት ንኪ፤
ሰውነትሽ ውስጥ እሳት አለ፤ ባይታይም ያቃጥላል።»
አልዋሸም።

ሌሊት ስድስት ሰዓት፣ የመጨረሻው ሳህን ታጥቦ ሲያበቃ፣
ጆንያው ላይ ፎጣ አነጠፍኩ፤ ቤቱ ሁሉ አንድ ሰው አልነቃ።
የመደርደሪያውን እግር እንደ ደጀ ሰላም ነካሁት።

አሥራ አንድ ብሎን። ሁለቱ ከጎማ እግሩ ሥር ተደብቀዋል፤
ሰው የት እንደሚደብቅ አውቃለሁ፤ አሥር ዓመት አጽድቻለሁ።
ሽፋኑን በጥፍሬ፣ ዙሪያውን፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣
እንደ ባቄላ እሸት ፈለፈልኩት።

እውነትም ባዶ።
አቧራ እንኳ ያልገባበት፣
የጣት ርዝመት ያለው ቦታ፣ ማንም ያልተኛበት።
ሦስተኛ ፎቅ ላይ የእንግዳ ክፍል አለ፣
በየሳምንቱ አንሶላ የምቀይርለት፣
አንድም እንግዳ ያላደረበት።

በሰያፍ ሰካኋት። ጭራዋ ተነሳ፤ ተጫንኩት፤ ተነሳ።
መያዣ ብሎን የላትም፤ ሹኩር ረስቷል፣
ወይ ያጣት ሦስት ዲናር አስረስታዋለች።
ከአሥራ አንዱ አጭሯን ወስጄ አሰርኳት፤
ሽፋኑ ባንድ ጥግ እስከ ዛሬ ፈገግ ይላል።

ስከፍተው አላወቃትም። ልቤ ቀጥ አለ።
ቆይቶ በዐረብኛ ጠየቀ፦ «ዲስኩ አዲስ ነው፤ ይሰናዳ?»
ፊደል በፊደል አነበብኩና «ነዓም» አልኩ።
አንብቤ የተስማማሁበት የመጀመሪያው ውል።

ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ብሎ የሸጠልኝ፣
ሲቆጠር ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት።
አሥራ ስምንቱስ?
አልደነገጥኩም። ዘጠና ዲናር ተብዬ ነው ሰባ አምስት የምቀበለው፤
ሲነገር ሌላ፣ ሲቆጠር ሌላ፤ ይህን ሂሳብ ነው የማውቀው።

«ስም ስጪው» አለኝ።
«ዕቃ ቤት» ብዬ ጀመርኩ፤ አጠፋሁት።
«እልፍኝ» ብዬ ጻፍኩ።

ከሁሉ አስቀድሜ ሎሚን አስገባሁ።
ፎቶው ጥግ ላይ የሽንት ቤቱ ነጭ ሸክላ ይታያል፣
የአውራ ጣቷም ጥፍር፣ ሂና የተቀባ።
ሠላሳ አምስት።

መብራቱን አጠፋሁ።
ካቻቢቴውን፣ ለዓርብ እንዳልረሳው፣
ጫማዬ ውስጥ አስቀመጥኩ።